ጥሬ ጡብ

ፊንፊኔ፣ ቀበና ወንዝ ዳር
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፰፻፹ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ዘርፈሽዋል፤ አንኮበር።

ጉልበትዎን ስሜ እጅ እነሣለሁ። የአንኮበሩ ሚካኤል ጤናዎን ይጠብቅልኝ። እኔ፣ ምስጋና ለፈጣሪ ይድረሰውና፣ በሥጋዬ ደኅና ነኝ።

ንጉሡ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ከወረዱ ወዲህ መኳንንቱም ተከትለው ወርደዋል። ድንኳን ብቻ የነበረበት ሜዳ ዛሬ አጥር ለአጥር ተያይዟል። ስሙንም አዲስ አበባ ይሉት ጀምረዋል፤ እኛ ግን ገና ፊንፊኔ ነው የምንለው። ቤቱ ሁሉ እንጨትና ሣር ነውና ባለፈው በጋ አንድ ሰፈር ከቀትር እስከ ማታ ነድዶ አመድ ሆነ። ያን ቀን ነው ጡብ ትዝ ያለኝ። አንኮበር ቤተ መንግሥት ከፈረንጁ አናጢ ጋር ስውል አሠራሩን ማየቴን ያስታውሳሉ።

ከወንዙ ዳር መሬት ለምኜ ተሰጠኝ። ሳንቃ ገጣጥሜ ቅርጽ ሠራሁ፤ ጭቃ አስረገጥሁ፤ እቶን አቆምሁ። የመጀመሪያው እቶን ሲከፈት ግማሹ ተሰነጣጥቆ፣ ግማሹ ዱቄት ሆኖ ወጣ። ሰው እንዳያይብኝ ወንዝ ከተትሁት። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። እትዬ፣ ጭቃውን ያወቅሁት ይመስለኛል፤ እሳቱን ግን አላወቅሁትም።

እሳት የሚያውቁ ሰዎች ከእርስዎ ቤት ቁልቁል ከወንዙ ማዶ አሉ። ሸክላ ሠሪው ይርጋለምና ሚስቱ ታንጉት። አባቴ ቄስ፣ አባትዎ መሪጌታ ሆነው ጠይብ ቤት ሂዱልኝ ብዬ መለመኔ ከብዶኛል። ነገር ግን እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎትና ለሌላ ለማን እነግራለሁ? ሎሌ እንዲሆኑኝ አይደለም የምጠራቸው። ሦስት ሆነን ማኅበር እንገባለን፤ በድካሙም በፍሬውም እኩል ነን። ይህን ከእኔ አፍ እንደ ወጣ ይንገሩልኝ።

ወረቀቱን የሚያደርስልዎ የአልዩ አምባው ነጋዴ ዓወል ነው። የታመነ ሰው ነው፤ መልሱንም እሱው ያመጣዋል።

ልጅዎ ወልደተንሣኤ


አንኮበር
ታኅሣሥ ፫ ቀን ፲፰፻፹ ዓመተ ምሕረት

ለወንድሜ ለወልደተንሣኤ።

እንዴት ሰንብተሃል? እመቤታችን በወጣህበት ትጠብቅህ፤ በገባህበት ታሳርፍህ። እኔ ደኅና ነኝ። አባቴ ፊደል ያስቆጠረኝ ዳዊት እንድደግም ነበር እንጂ ደብዳቤ እንድጽፍ አልነበረምና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታገሠኝ። ጸሐፊ ብጠራ ነገሩ አገር ይሰማዋል ብዬ ነው።

እንዳልኸኝ ሄድሁ። በዕድሜዬ ደጃቸውን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። እንስራ እንኳ ስገዛ ሁልጊዜ ሰው ነበር የምልከው። ታንጉት የማሰሮ ከንፈር እያለሰለሰች ነበር። ስታየኝ ብድግ አለችና፣

«እትዬ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለችኝ። ሌባ ፍለጋ የመጣሁ መስሏት ነው።

ያልኸውን ሁሉ ነገርኋቸው። ይርጋለም ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «እቶኑን የሠራው ሜዳ ላይ ነው ወይስ ዳገት ላይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቄ! ታንጉት ግን ሌላ ነገር ነበር የጠየቀችኝ።

«እዚያ አገር ምን እየተባልን ነው የምንኖረው?»

«የማኅበሩ ሰዎች ተብላችሁ ነዋ።»

«እሱ ይበል። ሌላውስ ሰው?»

«ወንድሜ ባለበት ማንም ክፉ አይናገራችሁም። በአባቴ አጽም፤ ዋሳችሁ እኔ ነኝ።»

ተያዩና እሺ አሉ። እናናየሁ የምትባል ትንሽ ልጅ አለቻቸው። ሳል ይዟታል፤ መንገዱን አትችልም ብለው ሲጨነቁ «ለእኔ ተዉልኝ፣ ሲሻላት በዓወል የነጋዴ ቅፍለት አስይዤ እልካታለሁ» አልሁ። ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥሁ። የተናገሩትን መመለስ የለምና ይዣት ወጣሁ።

አሁን ከእሳቱ ዳር ተቀምጣ ታየኛለች። ጽዋዋን ለብቻው አድርጌዋለሁ። ለጊዜው ነው።

እኅትህ ዘርፈሽዋል


ፊንፊኔ
ሚያዝያ ፰ ቀን ፲፰፻፹ ዓመተ ምሕረት

ለእናቴ ምትክ ለእትዬ ዘርፈሽዋል።

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? ጾሙን በሰላም እያሳለፉ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ደስ ይበልዎ፤ ጡቡ በሰለ! ይርጋለም እንደ ደረሰ እቶኔን ዞሮ አየና ምንም ሳይል በእግሩ ገፍቶ ጣለው። ከዳገቱ ጥግ ሌላ ቆፈረ። ታንጉት ጭቃውን በጣቷ አሽታ አሸዋ አስጨመረችበት። እሳቱ እስኪበርድ ሁለቱም ከዚያ አልተነሡም። ሲከፈት ጡቡ እንደ በርበሬ ቀልቶ ወጣ፤ በድንጋይ ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል። እኔ አለቀስሁ። ይርጋለም ግን «ገና ነው፤ የታችኛውን እንየው» አለ።

ወሬው ተሰማና ፊታውራሪ ደምመላሽ የሚባሉ መኮንን ራሳቸው መጥተው አዩ። ፎቅ ያለው ቤት እንድሠራላቸው አዝዘዋል። የሰኔ ዝናብ ሳይጥል ክዳኑ እንዲገባ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሌሎቹም መኳንንት እሱን አይተው ሊያሠሩ ይጠብቃሉ። ሰዉ «የወልደተንሣኤ ጡብ» ይለዋል።

እነ ይርጋለም ደኅና ናቸው። መኳንንቱ ሲመጡ ወደ እቶኑ ጀርባ ዞር ይላሉ። ዞር በሉ አላልኋቸውም፤ ራሳቸው ናቸው። ፊታውራሪ «እነዚህ ከየት ናቸው?» ቢሉኝ «ከአገሬ ያመጣኋቸው ሎሌዎች ናቸው» አልኋቸው። ጠይብ ናቸው ብል ሥራው ይቀር ነበር። ለእነሱም ብዬ ነው።

ታንጉት ልጄ ትምጣልኝ ትላለች። ጊዜው የጥድፊያ ነውና ክረምቱ እስኪወጣ እርስዎ ዘንድ ብትቆይ ይሻላል። ይልቅ የባልዎ የነበሩትን ሁለት በሬዎች ቢልኩልኝ ጭቃውን በሰው እግር ከማስረገጥ እገላገል ነበር።

ወልደተንሣኤ


አንኮበር
ሰኔ ፩ ቀን ፲፰፻፹ ዓመተ ምሕረት

ለወንድሜ ለወልደተንሣኤ።

የሰላም አምላክ ከአንተ ጋር ይሁን። ሥራህ በመከናወኑ ደስ ብሎኛል። በሬዎቹን ዓወል ነድቶልሃል። ዳለቻው ከአንገቱ በታች ሲያሹት ይወዳል፤ አደራ።

«ሎሌዎች ናቸው አልኋቸው» ያልኸውን ደጋግሜ አነበብሁት። ለአንድ ቀን ያልኸው ከሆነ እሺ። ግን ፊታውራሪው ነገም ይመጣሉ። ያን ጊዜስ ምን ልትል ነው?

እዚህ የጠይብ ልጅ ቤቴ መግባቷ ሳይወራ አልቀረም። የሚካኤልን ማኅበር ተራዬ ደርሶ ብደግስ ግማሹ ሰው ቀረ። የነፍስ አባቴም «ልጄ፣ ደግነት ልክ አለው» አሉኝ። እኔስ ከእነሱ በምን እሻላለሁ? ጽዋዋን ለብቻው ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከማሳ ደክሞኝ ስመለስ በዚያችው በራሷ ጽዋ ውሃ ቀድታ፣ «ጠጪ» አለችኝ። ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ጠጣሁት። ከዚያ ወዲህ ጽዋችን አንድ ነው።

ሳሉ ከለቀቃት ቆይቷል። አልደበቅህም፤ ባትሄድብኝ እወዳለሁ። እናቷን ግን አስጠርተህ ያለችውን ቃል እንዳለ ጻፍልኝ። ያንተን ሳይሆን የእሷን።

ዘርፈሽዋል


ፊንፊኔ
ኅዳር ፳ ቀን ፲፰፻፹፩ ዓመተ ምሕረት

ለእትዬ ዘርፈሽዋል።

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ክረምቱን ሙሉ ያልጻፍሁት ወንዙ ሞልቶ መንገደኛ ስለ ጠፋ ነው።

በነሐሴ መጨረሻ የፊታውራሪ ቤት አንድ ወገን ግድግዳው ወደቀ። ጠጅ ጣያቸው እግሯ ተሰበረ፤ ሌላ ሰው አልተጎዳም። በግንብ ሥራ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል። ከብት የሚጨርሰው በሽታ እዚህም ገብቶ ሁለቱም በሬዎችዎ ወድቀዋል። እጅግ አዝኛለሁ።

ይርጋለም አሁን ከእኔ ጋር የለም። ታንጉትም ሄዳለች። ልጅቷ ለጥቂት ጊዜ እዚያው ትቆይ።

ሥራ ስለሚበዛብኝ አላረዝምብዎትም።

ወልደተንሣኤ


አንኮበር
ታኅሣሥ ፳፱ ቀን ፲፰፻፹፩ ዓመተ ምሕረት

ወልደተንሣኤ፣

የልደት ዕለት ነው የምጽፍልህ፤ እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ።

«ሄዳለች» አልህ። ወዴት? ልጇን ትታ ወዴት ትሄዳለች? ወረቀትህን አጥፌ ዓወልን ደጅ ላይ አቆምሁት። «ወላሂ እትዬ፣ ባይጠይቁኝ እወድ ነበር» አለኝ። ጠየቅሁት። ነገረኝም።

በሰኔ እቶኑ ለጥድፊያህ አልደረሰልህም። ከውጭ የበሰለውን ቀይ ጡብ ደርድረህ ከውስጥ ፀሐይ ብቻ ያየውን ጥሬ ጡብ ሞላህበት። ይርጋለም «ጥሬውን አታግባ፤ ውሃ ሲነካው መልሶ ጭቃ ነው» ብሎ ለመነህ። አንተም «ክዳን ከገባ ውሃ ከየት ይመጣል?» አልኸው። ውሃው ግን በመሠረቱ በኩል መጣ። ግድግዳው ሲወድቅ የፊታውራሪው ቤተ ሰብ ጠይብነታቸውን ሰምቶ ኖሮ «ሸክላ ሠሪው ቡዳ ነው፤ ቤቱን በዓይኑ በላው፤ ከብቱንም የሚጨርሰው እሱ ነው» ብሎ ጮኸ። አንተ ከፊታውራሪው ጎን ቆመህ ነበር። ተጠየቅህና «እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ» አልህ።

ይርጋለም ከዚያ ቀን ጀምሮ በእግር ብረት ነው። ታንጉትን በድንጋይ አባረሯት።

ዓወል ሊሄድ ከተነሣ በኋላ ተመልሶ፣ «ይርጋለም እርስዎን አይረግምም፤ ‹ዋሳችን አንኮበር አሉ› ይላል ብቻ» አለኝ። ዘወር ስል እናናየሁ ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ ምን ያህል እንደ ሰማች አላወቅሁም።

እዚያ ቤት ደጃፍ በእግሬ ሄጄ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። አንተን ያሳደግሁም እኔ ነኝ። ከሁለቱ በየትኛው እንደምጸጸት ጠፋኝ። ወይ አንተ ታስፈታዋለህ፤ ወይ እኔ መጥቼ ፊታውራሪው ደጅ ላይ እጮኻለሁ።

ዘርፈሽዋል


ፊንፊኔ
የካቲት ፲፬ ቀን ፲፰፻፹፩ ዓመተ ምሕረት

እትዬ፣

ሰላምታ ልስጥዎ ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ዓወል የነገረዎት ሁሉ እውነት ነው። ያደረግሁትን ይስሙኝ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ በማግሥቱ ፊታውራሪ ችሎት ላይ እንዳሉ ሄድሁ። ሰው ሁሉ እየሰማ መሬት ስሜ፣ «ጌታዬ፣ ግድግዳውን የጣልሁት እኔ ነኝ። ውስጡን ጥሬ ጡብ ሞልቼዋለሁ። ይርጋለም ከልክሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም» አልኋቸው። መሬቱን ይነጥቁኛል፣ ይገርፉኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። እንዲያውም ቢገርፉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ፊታውራሪ ወደ ሰዎቻቸው ዞረው፣

«አያችሁ የጨዋ ልጅ! ለሎሌው ሲል በራሱ ላይ ይመሰክራል» አሉ።

«አይደለም ጌታዬ፤ እውነቴን ነው።»

«በቃህ። ቡዳው ምን እንደ ሠራ እናውቃለን። ስለ ደግነትህ ምሬልሃለሁ፤ ውሰደው። ግድግዳውን ግን ዳግመኛ ትሠራዋለህ።»

ደግሜ ብናገር ሰዎቹ ሳቁ። ሸማ አስመጥተው አለበሱኝ። ሸለሙኝ፣ እትዬ!

እግር ብረቱን ሲፈቱለት ቁርጭምጭሚቱ ቆስሎ አጥንቱ ይታይ ነበር። ዘበኞቹ «ጌታህ ነው ያስፈታህ፤ እግሩን ሳም» አሉት። ልይዘው እጄን ስዘረጋ ቀደመኝ። ጎንበስ ብሎ ሳመና ቀና ብሎ አየኝ። ቢተፋብኝ ይሻለኝ ነበር። ቁስሉን ላጥብልህ ብዬ ብጠጋ እግሩን ሰበሰበ። በነጋው ስነሣ ሄዷል። ታንጉትን ቀድሞም ፈልጌ አጥቻታለሁ።

ሸማው ሳጥን ውስጥ ነው። ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ወልደተንሣኤ


አንኮበር
ግንቦት ፳፩ ቀን ፲፰፻፹፩ ዓመተ ምሕረት

ወንድሜ ወልደተንሣኤ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። ይህን ያህል ወራት ዝም ያልሁት በአንተ ተቆጥቼ ብቻ አይደለም። የራሴንም ነገር የምጽፍበት አንደበት አጥቼ ነው።

ታንጉት መጥታለች። ክረምቱ እንደ ወጣ ደብረ ብርሃን ደርሳ እዚያ የበግ ጠጉር እየፈተለች፣ ሰው የሰጣትን እየበላች ቆይታለች። ማን እንደ ሆነች እንዳይታወቅ ስሟን ለውጣ ነበር። ትንሣኤ እንዳለፈ ቀትር ላይ በሬ ተንኳኳ። «እትዬ ዘርፈሽዋል» ስትል ድምጿን አወቅሁት። እናናየሁ ጉያዬ ውስጥ ነበረች። አፌን ዘጋሁ፤ ልጅቷንም እቅፍ አድርጌ ያዝኋት። ደግማ አንኳኳች። ደግሜ ዝም አልሁ። ሰው የለም ብላ የምትመለስ መስሎኝ ነበር። ወዴት ትመለሳለች? ደጁ ላይ ቁጭ አለች፤ ጥላዋ በበሩ ስንጥቅ ይታየኛል።

በመጨረሻ ከፈትሁ። «ጓሮ ነበርሁ፤ አልሰማሁሽም» አልኋት። እሷም አመነችኝ። ልጅቷ እናቷን አላወቀቻትም፤ ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ ተሸሸገች። በዚያች ሰዓት ደስ አለኝ፣ ወልደተንሣኤ። ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም።

ታንጉት አልጎተተቻትም። ልጅቷ እስክትለምዳት እኔ ዘንድ አብራኝ ተቀመጠች፤ ከአንድ መሶብ በላን። ኋላም ይርጋለም እያነከሰ መጣ። እርሻው በሬ አጥቶ ጦም አድሯል፤ እህል እየጠፋ ነው፤ ሸክላ የሚገዛም የለም። ሰዉ ደግሞ የከብቱን እልቂት ከእነሱ ጋር እያያያዘ ማጉረምረም ጀምሯል። ዓወል ሰምቶ፣ «አልዩ አምባ ይውረዱ፤ ከግቢዬ ጥግ ቦታ አለኝ፤ ነጋዴ የውሃ እንስራ አያጣም» አለ። ትናንት ወረዱ።

ለይርጋለም «ዋስ ነኝ ብዬ አዋረድኋችሁ» ስለው፣ «እርስዎን አልጠይቅም» አለኝ። እናናየሁ ከመታጠፊያው እየዞረች ስታየኝ ነበር። ቤቱ ጭር ብሏል።

ዘርፈሽዋል


አልዩ አምባ
ታኅሣሥ ፲፩ ቀን ፲፰፻፹፪ ዓመተ ምሕረት

ለእትዬ ዘርፈሽዋል፣

ይህ ወረቀት የተጻፈበትን ስፍራ አይተው እንደሚደነግጡ አውቃለሁ። ሚካኤል ጤናዎን ይስጥልኝ።

የፊታውራሪን ግድግዳ ዳግመኛ ሠራሁት፤ አንድም ጥሬ ጡብ አልገባበትም። ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ጎርፍ መጣብኝ። አገሩ እየተራበ መኳንንቱ ቤት ያሠራሉ፤ ለቁራሽ ዳቦ ጭቃ የሚረግጥ ሰው ደጄን ሞልቶታል። የጡብ አለቃ ተብዬ ተሾምሁ። ስለ ይርጋለምና ስለ ታንጉት በተናገርሁ ቁጥር «እንዴት ያለ ትሑት ነው» ይሉኛል። እውነቱን በነገርኋቸው መጠን የበለጠ ያከብሩኛል። መተኛት አቃተኝ። ዓወል ወደ አገሩ ሲመለስ ተከትዬው ወረድሁ፤ የሚያሞግሰኝ ሰው በሌለበት ልናገረው ብዬ።

ዛሬ ገበያ ነው። ይርጋለም ከዓወል አጥር ሥር ጭቃ ዘርግቶ ይረግጣል፤ ታንጉት እንስራዎቿን ደርድራለች። ሰው መሐል ቆሜ ያደረግሁትን ሁሉ ጮኼ ተናገርሁ፤ ጥሬውን ጡብ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ» ያልሁትን፣ ሸማውን። አንዳንዱ እብድ ነው ብሎ አለፈ። ከቆላ የመጣ አንድ የጨው ነጋዴ ምን እንደምል ዓወልን በቋንቋቸው ጠየቀው። ዓወል ሲነግረው ሰውየው እስኪጨርስለት ሰማና ከራሴ እስከ እግሬ አይቶ ጀርባውን ሰጠኝ። እትዬ፣ እንደሚገባኝ ያየኝ እሱ ብቻ ነው።

ለይርጋለም «እቶኑ የእናንተ ነው፤ ሹመቱንም እተዋለሁ፤ ተመለሱ» አልሁት።

«እዚያ አገር ሎሌ ነን» አለኝ፣ ጭቃውን መርገጡን ሳያቆም። «እዚህ ሸክላ ሠሪ ነን።»

«ይቅር በለኝ።»

«ሰማሁ። ጨርሰህ ከሆነ ከጭቃው ላይ ውረድ፤ ረግጠኸዋል።»

ወረድሁ። ታንጉት «እትዬ ደኅና ናቸው?» አለችኝ። ልጅቷ «ይህ ማነው?» ስትላት «የእትዬ ወንድም ነው» አለቻት። ስሜን አላነሣችም።

አንኮበር ከዚህ የጥቂት ሰዓት ዳገት ነው፤ ከመጻፍ መውጣት ይቀለኝ ነበር። ግን ሳልጠየቅ ደጅዎ መቆም አፈርሁ። ልውጣ ወይስ በመጣሁበት ልመለስ? ይህን የምታመጣልዎ ገበያተኛ መልስ ይዛ እስክትመለስ እዚሁ እጠብቃለሁ።

ወልደተንሣኤ


አንኮበር
ታኅሣሥ ፲፪ ቀን

ወልደተንሣኤ፣

አትውጣ፤ አትመለስ። እዚያው ቆየኝ፤ እኔ እወርዳለሁ። አንተን ለመውቀስ እንዳይመስልህ። በሬን ስታንኳኳ ሰምቻት እንደ ነበር ለታንጉት በራሴ አፍ መንገር አለብኝ። በወረቀት የሚሆን አይደለም።

ጉልበቴ እንደ ቀድሞው አይደለምና ቁልቁለቱን በዝግታ ነው የምወርደው። ጀንበር ሳትጠልቅ ግን እደርሳለሁ።

ዘርፈሽዋል